«ታክሲ አጥቼ ነው» ስንቴ ይሰራል?

እስኪ ወንድሜ፣ እስኪ እህቴ፣ ዛሬ ሳንሸዋወድ እናውራ። ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስለ ሀገር ጉዳይ ከማታውቀው ሰው ጋር ኮሜንት ስትወራወር አልነበርክም?

እኔ እንደዛ ነበርኩ። ጠዋት ደግሞ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ጭራ ላይ ቆሜ «ይቺ ሀገር መቼ ነው የምትስተካከለው» እያልኩ አማርር ነበር። ተመርቄ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ሥራ በሙከራ ጊዜዬ ያጣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። አለቃዬ አልጮኸብኝም። «ጎበዝ ልጅ ነህ፣ ግን አልደረስክልንም» ብሎ ሸኘኝ። እናቴ ስትጠይቀኝ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? «ታክሲ አጥቼ ነው።»

በእርግጥ ውሸት ብቻ አልነበረም። የኮልፌ ቀራንዮ ልጅ ያውቀዋል። ከአስኮ፣ ከቤቴል፣ ከአየር ጤና፣ ከ18 ማዞሪያ ጠዋት የሚወጣው ሕዝብ አብዛኛው ወደ መሃል ከተማ ነው የሚጎርፈው። ባቡሩም በ2008 ሥራ ሲጀምር በእኛ አቅጣጫ ጦር ኃይሎች ላይ ነው ያቆመው፤ ጣቢያው ጋ ለመድረስ ራሱ ብዙዎቻችን ታክሲ እንጋፋለን። ይሄ እንዲስተካከል መጠየቅ መብታችን ነው፣ እንጠይቃለን።

ግን መልሱ እስኪመጣ ሕጉ አንተን አይጠብቅህም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብበኸዋል? የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ «ለሥራው አልሆነም» ከተባልክ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ትሸኛለህ። ካለፍክ በኋላም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠህ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈድክ አሠሪው ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊያሰናብትህ ይችላል። ስምንት ብቻ! የክረምት ዝናብ ብቻውን ይጨርሳታል።

እዚያው አዋጅ ላይ ግን አንተን የሚጠብቅም አለ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ከሠራህ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። ሰዓትህን የማታውቅ ከሆነ ግን ሲወሰድብህም አታውቅም። ሁሌ የሚያረፍድ ሠራተኛ «የትርፍ ሰዓቴን ክፈሉኝ» ሲል ማን ይሰማዋል?

እስኪ እናስላ። ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀብህ በቀን 3 ሰዓት ነው። በሳምንት 5 ቀን ብትሠራ 15፣ በአራት ሳምንት 60 ሰዓት መንገድ ላይ ቀረ። ሥራህ 2 ሰዓት ተኩል የሚገባ ከሆነ 12 ሰዓት ላይ ብትወጣ ሰልፉ ሳይረዝም ትሳፈራለህ፤ ቀድመህ ደርሰህ የተረፈችህ ሰዓት ያንተ ናት። አንብብባት፣ የኮምፒውተር ሙያ ተማርባት። አዲስ ሥራ ልትጀምር ከሆነ ደግሞ ከመጀመርህ በፊት አንድ የሥራ ቀን በዚያው ሰዓት መንገዱን ሂደህ ሞክረው። እሁድ የሞከርከው መንገድ ሰኞ አይገኝም።

ሥራ ያላገኘኸው ወንድሜ፣ «እኔ ምን ሰዓት አለኝ» አትበል። አደገኛው ያንተ ነው። አራት ሰዓት ተነስቶ፣ ጀበና ቡና ጋ ተቀምጦ፣ ማታ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ሁለት ዓመት ሲለመድ ሥራው ሲገኝ በአንድ ሌሊት አይለቅህም። ዛሬውኑ ሥራ እንዳለው ሰው ተነስ። ጠዋቱን ለማመልከቻና ለትምህርት ስጠው። የመውጫ ፈተና የሚጠብቅህ ተማሪም እንደዚሁ፤ የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ሳምንት ሌሊት አይከለስም።

አንድ ነገር ደግሞ ለወንዶቹ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላው ማነው? እህትህ ናት። ከክፍል መልስ ወጥ የምትሠራው፣ ቡና የምታፈላውም እሷው ናት። ከዚያ ውጤቷ ዝቅ ሲል «አታነብም» እንላታለን። ስለ ሕዝብ መብት ከመጻፍህ በፊት ዛሬ ማታ ጀሪካኑን አንተ ሙላ። የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ወይም ጥናት ሰጠሃት ማለት ነው።

«የአበሻ ቀጠሮ» እያሉ መሳቅም ይብቃን። ማነው አበሻ ሰዓት አያውቅም ያለው? ገበሬው የዘር ጊዜ ካለፈው ዓመቱን ሙሉ እንደሚራብ ያውቃል። ኮልፌ ላይ ሳይነጋ ለሱብሂ ሶላት የሚነሱትን አባቶች፣ ማኅሌት ቆመው የሚያድሩትን ካህናት አላየህም? ማርፈድ ባህላችን አይደለም፤ የእኛ የልጆቹ ስንፍና ነው፣ በአያቶቻችን ስም አናሳብብ።

ሀገር እወዳለሁ የምትል ወጣት፣ የጠበቀህን ሰው በሰዓቱ በመድረስ ጀምር። ያቺን የሌሊት 7 ሰዓት ክርክር ዛሬ ተዋት፤ ሰውዬውም ነገ ሥራ አለው።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ ስልክህ ላይ የጠዋት ደወል ሙላና አስቀምጠው። ከዚያ ተኛ። ነገ አየር ጤና ሰልፉ ፊት ላይ እንገናኝ!