ማጅራቷ ነጭ ርግብ

ማክሰኞ ጠዋት ባምቢስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ፀሐይዋ ግን በፎቆቹ መካከል ሾልካ ትከሻዬ ላይ አርፋለች። ቀና ስል የመብራት ምሰሶው ላይ አንዲት ርግብ አየሁ። ሰውነቷ አመድማ፣ ጭንቅላቷ ጠቆር ያለ ነው፤ ማጅራቷ ላይ ግን ነጠላዋን ጣል ያደረገች እስክትመስል ድረስ ነጭ ናት። አንድ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ “ጋሼ፣ ይራመዱ እንጂ” ስትለኝ ነው ሰልፉ ጥሎኝ እንደሄደ ያወቅሁት።

ከአንድ ወዳጄ ጋር የቆየ ክርክር አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እረፍት የለም ባይ ነው፤ ሰው ነፍሱ እንድትመለስ ቢያንስ ቢሾፍቱ መውረድ አለበት ይላል። እሑድ ማታ መኪና መንገድ ላይ ተቆላልፎበት፣ ከሄደበት በላይ ደክሞ ይመለስና ሰኞ ደግሞ ይሄንኑ ይነግረኛል። የቢሾፍቱን ሐይቅ አልጠላሁበትም። ግን ለነዳጅም ለመኝታም የሚከፍለው የሌለው ሰው አይረፍ ማለት ነው? ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

ለእኔ እረፍቱ እዚሁ ምሰሶው ላይ ነበር። ያቺ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ወፍ ወዳዶች እሷን ለማየት ባሕር አቋርጠው፣ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ። ተፈጥሮዋ የገደል ነው፤ ጎጆዋን የምትሠራው ገደል ላይ ነው። እኛ ፎቅ ስንሠራ ለእሷ አዲስ ገደል ቆመላት ማለት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያና የሕንፃ ጠርዝ ላይ አርፋ አብራን ትኖራለች። እኔ ስንት ዓመት በዚህ መንገድ ስመላለስ አንገቴን ደፍቼ ነው ያለፍኳት።

ማታ ደግሞ ከሥራ ስወጣ ኡራኤል ደጅ አንድ ሩብ ሰዓት እቀመጣለሁ። እነዚያ ምንቃራቸው ረጅምና ቆልማማ የሆነ ትልልቅ ወፎች፣ እነሱም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በጩኸት ወደ ማደሪያቸው ያልፋሉ። የመኪናውን ጥሩምባ ሁሉ ይውጡታል። ከንፈሬ ሳላዝዘው ተመስገን ይላል። ከዚህ ወዲያ ምን እረፍት አለ?

ተመስገን ካልኩ ዘንድ ርግብ ማየት ያስተማሩኝን ሰው ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበሩ እማማ፣ ግቢያቸው ውስጥ ከአንድ ግራዋ ሥር ተቀምጠው ስንዴ ሲለቅሙ፣ ግርዱን ለብቻ አድርገው ቡናው ሲፈላ ለርግቦቹ ይበትኑት ነበር። ልጆች ሊያባርሩ ሲሮጡ “ተዉአቸው፣ ቤተኞች ናቸው” ይላሉ። እኛ አቦል ስንጠጣ እነሱ ከእግራችን ሥር ይለቅሙ ነበር። በ2017 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ እማማም ከከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ። ግቢያቸው ዛሬ ሣር የለበሰ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ግራዋው የለም። ሣሩ ያምራል። እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ግራዋውን ይፈልጋል።

ሐሙስ ደወልኩላቸው። የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ ከጠየቁኝ በኋላ፣ “ርግቦቼ ደኅና ናቸው?” አሉ። የማክሰኞዋን ነገርኳቸው። ፀሐይ ስትሞቅ ክንፏን እንዴት እንደዘረጋች ደግመው ደጋግመው አስነገሩኝ።

“እኔም እዚህ በረንዳው ላይ እበትናለሁ” አሉ። “እስካሁን የመጣ የለም።”

ቅዳሜ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን ባምቢስ ምሰሶው ሥር እንድበትንላቸው አዘውኛል፤ አንድ እፍኝ ስንዴ በወረቀት ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ አስቀምጫለሁ።