የገዛነው መኪና የማን ነው?



ቀን በምህንድስና ሥራ ስባክን እውልና ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከሁለት አንዱን አደርጋለሁ። ወይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እሞነጫጭራለሁ፣ ወይ ጋራዥ ገብቼ እጄን ግራሶ አስነክቼ እወጣለሁ። ባለፈው የብርድ ወራት ግን ሁለቱ ተገጣጠሙብኝ። ከአሮጌ ፒክአፕ ሥር ተንጋልዬ ሳለሁ፣ አሜሪካኖች ከአሥር ዓመት በላይ በፍርድ ቤትና በድምፅ መስጫ ሣጥን ሲከራከሩበት የቆዩት፣ አሁን ደግሞ አገር ቤትም የደረሰው ጉዳይ ከእጄ ላይ ያለ መሰለኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደጻፍኩ ይያዝልኝ።)

ፒክአፗ የ1994 ስሪት ቶዮታ ናት። እኛ አገር ሃይሉክስ የምንላት ስትሆን፣ እዚህ አሜሪካ ግን በዚያ ዘመን የተለየ ስም እንኳን አልወጣላትም፤ "ፒክአፕ" ተብላ ብቻ ነበር የምትሸጠው። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር፣ መስኮቷ በእጅ የሚጠመዘዝ። የምኖርበት ኮሎራዶ አየሩ ደረቅ በመሆኑ ሻንሲዋን ዝገት አልበላባትም። አንድ ማለዳ ቁልፉን ስጠመዝዝ "ቀጭ" ብላ ዝም አለች። ባትሪው ደህና ነው፣ መብራቱም ደማቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ማንም የአዲስ አበባ መካኒክ ኮፋኖ ሳይከፍት በሽታውን ይነግራችኋል፤ ሞተሪኖ ነው።

ፈትቼ አወረድኩት። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ሁለት የመዳብ ቁራጮች በሠላሳ ዓመት ብልጭታ ተበልተው፣ አንደኛው እንደ ወረቀት ሳስቷል። የሥሪት ጉድለት አይደለም፤ የጫማ ሶል እንደሚያልቀው አልቆ ነው። መለዋወጫ መደብር ብሄድ ሻጩ ወጣት ሙሉ ሞተሪኖ እንጂ መዳቡን ለብቻው እንደማይሸጥ ነገረኝ። በፖስታ ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን እልህ ያዘኝና ከአንድ የመዳብ ቁራጭ ላይ ቆርጬ፣ በሞርሳ አስሬ፣ በሞረድ ልኩ እስኪመጣ እየሞረድኩ በሁለት ምሽት ሠራሁት። ይኸው እስከ ዛሬ በአንድ ጊዜ ትነሣለች።

ይህን ጥበብ ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። ልጅ ሳለሁ አጎቴ እህል የሚያመላልስባት ፒክአፕ ነበረችው፤ አንድ ቀን አልነሣ ብላ መካኒኩ ሞተሪኖዋን መንገድ ዳር ሲፈታ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አይ ነበር። የተበላውን የመዳብ ብሎን አወጣ፣ ዞር አደረገው፣ ያልተበላውን ፊት ወደ ውስጥ አድርጎ መልሶ አሰረ። ያ ሁሉ ጥገና ዋጋው የአንድ ሲጋራ ማጨሻ ጊዜ ነበር። የጠፋ ዕቃ ሲኖር ደግሞ ሱማሌ ተራ ወርዶ ከተበተነ መኪና ላይ ማስፈታት ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፤ ጣሊያን ስሙን ትቶልን ሄደ፣ የእኛ ሰው ግን ስሙን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ራሱን የራሱ አደረገው። እዚህ የተወለደው ልጄ "ካቻቢቴ አቀብለኝ" ስለው ንጹሕ አማርኛ ይመስለዋል። እኔም አላርመውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የእኔ ፒክአፕ በተነሣች ሳምንት አንድ ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ አባት፣ ደወሉልኝ። እንጀራና ዱቄት ለሐበሻ ሱቆች በማከፋፈል ነው የሚተዳደሩት። የ2018 ስሪት ትልቅ ፒክአፕ አላቸው። በሮቹንና መብራቶቹን የምታዘው ትንሽ ኮምፒዩተር ተቃጠለችባቸው። ከተበታተነ ተመሳሳይ መኪና ላይ የወጣች አንዲት ኮምፒዩተር በ90 ዶላር ገዝተን፣ አራት ብሎን ፈትተን በሃያ ደቂቃ ቀየርናት። ሥራው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። መኪናው ግን አልነሣም። የገባችው ኮምፒዩተር የሌላ መኪና መለያ ቁጥር ስላላት ሞተሩ "አላውቃትም" አለ። ማስተዋወቅ የሚችለው የአምራቹ ፕሮግራም ያለው ዲለር ብቻ ነው። በጎታች መኪና ወሰድነው። ዲለሩ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ አናስተዋውቅም፣ አዲስ ግዙ አለ። አዲሱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት፣ የሚከፈለው ከ1,800 ዶላር በላይ፣ በመሐል የተከራዩት ቫን፣ ወደ ሌላ አከፋፋይ የሄዱ ሁለት ደንበኞች። ይህን ሁሉ ደምሩት።

"አንተ ልጅ፣ ሊብሬው በስሜ አይደለም እንዴ?" አሉኝ። "ዕዳውን ከፍዬ ከጨረስኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ታዲያ ማንን ነው የማስፈቅደው?"

"ጋሼ፣ ብረቱ የእርስዎ ነው። በውስጡ ያለው ፕሮግራም ግን የእኛ ነው ይላሉ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ብረቱን በሬ አስሬ ልጎትተው?"

ይህ የእኔና የጋሼ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2015 የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በመኪና ሶፍትዌር ጉዳይ አስተያየት ሲሰበስብ፣ የትራክተር አምራቹ ጆን ዲር በጽሑፍ ያቀረበው ክርክር፣ ገዢው በተሽከርካሪው ውስጥ ላለው ሶፍትዌር ባለቤት ሳይሆን ተሽከርካሪው እስካለ ድረስ የመጠቀም ፈቃድ ያለው ነው የሚል ነበር። ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ዓመት ባለቤቱ ለጥገና ሲል ቁልፉን መስበር ይችላል ብሎ ፈቀደ፤ በ2018 ደግሞ ባለቤቱ የሚቀጥረው ጠጋኝም እንዲችል አሰፋው። ልብ በሉ፣ መስበር ይቻላል ተባለ እንጂ ቁልፉን ስጡ አልተባለም። ቤትህ ሲቆለፍብህ ግንቡን ንደህ ግባ እንደማለት ነው።

ቁልፉን ስጡ ያለው የማሳቹሴትስ ሕዝብ ነው። በ2012 በቀጥታ ድምፅ ከ80 በመቶ በላይ የሆነው ሕዝብ አምራቾች ለዲለሮቻቸው የሚሰጡትን የጥገና መረጃና መሣሪያ ለማንኛውም ጋራዥ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲሸጡ ወሰነ። በ2014 አምራቾቹ ስምምነቱን በመላ አገሪቱ እንፈጽማለን ብለው ፈረሙ። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ቀረ፤ መኪናው ያለ ሽቦ በአየር ወደ አምራቹ የሚልከው መረጃ አልተካተተም ነበር። ዛሬ ደግሞ ዋናው በር እሱ ነው። በ2020 ማሳቹሴትስ 75 በመቶ በሚሆን ድምፅ ይህንንም ለመዝጋት ወሰነች፤ አምራቾቹ በወሩ ከሰሱ፤ ክሱ ከአራት ዓመት በላይ ተንጠልጥሎ በ2025 መጀመሪያ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ሜይን በ2023 ተመሳሳይ ሕግ በትልቅ ድምፅ ብልጫ አጸደቀች። እኛም ኮሎራዶዎች ወደ ኋላ አላልንም፤ በ2022 ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በ2023 ለእርሻ መሣሪያ የመጠገን መብት ሕግ ወጥቷል። በጥር 2025 ደግሞ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ከኢሊኖይና ከሚኒሶታ ጋር ሆኖ ጆን ዲርን በዚሁ በጥገና ጉዳይ ከሰሰ። ገበሬው አዝመራው ማሳ ላይ እያለ ትራክተሩ በኮድ ተቆልፎበት ቴክኒሻን መጠበቅ የለበትም ነው ነገሩ።

የአምራቾቹን ወገን አለመስማት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች ቤታቸው ተቀምጠው በአውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ ጂፕ በኢንተርኔት ገብተው ካምቢዮውን ሲያሰናክሉት ዓለም አይቷል፤ 1.4 ሚሊዮን መኪኖች ለእርማት ተጠርተዋል። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2023 አምራቾች የማሳቹሴትስን ሕግ እንዳይፈጽሙ እስከ መጻፍ የደረሰው (ወዲያው በሁለተኛው ወር ቢለሳለስም) ይህንኑ ፈርቶ ነው። ሌባም አለ። መለያ ቁጥር የሌለው ኮምፒዩተር የተሰረቀ ዕቃ ገበያ ያሞቃል።

ታዲያ እኔ በዚህ ላይ የምናገረው ከዳር ቆሜ አይደለም። ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ፣ በሥራ ቦታዬ ለውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ስንነድፍ፣ ያልተመዘገበ መለዋወጫ ሲገባበት እንዳይሠራ የሚያደርገውን ቁልፍ ካዘጋጁት አንዱ እኔ ነኝ። በስብሰባው ላይ የተነሣው ቃል "ደኅንነት" ነበር። በስብሰባው መጨረሻ የታየው ሠንጠረዥ ግን የመለዋወጫ ሽያጭ ሠንጠረዥ ነበር። ዝም አልኩ። የጋሼ መኪና "አላውቃትም" ሲል የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚህ በባለሙያነቴ የምለው ይህ ነው፤ ቁልፍ መኖሩ ችግር የለውም፣ የቤታችንም በር ቁልፍ አለው። ጥያቄው ቁልፉ ከማን ኪስ ነው የሚለው ነው። ባለቤትነቱን በሊብሬ ያረጋገጠ ሰው ያገለገለ ዕቃ በመኪናው ላይ ማስመዝገብ እንዲችል ማድረግ፣ የተሰረቀውንም ዕቃ ከመዝገብ ለይቶ ማገድ፣ የምህንድስና አስቸጋሪነት የለበትም። የማይደረገው ስለማይቻል ሳይሆን ስለማያተርፍ ነው።

በእኔ የ1994ቷ ፒክአፕ ላይ የብልሽት መረጃ የሚነበበው እንዴት መሰላችሁ? ኮፋኖ ሥር ካለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቀዳዳዎችን በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ታገናኛላችሁ፤ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ የብልሽቱን ቁጥር ይቆጥርላችኋል። መሣሪያው ይኸው ነው። ከ1996 ስሪት ጀምሮ ለሁሉም መኪኖች አንድ ወጥ መሰኪያ በሕግ ግዴታ ሆነ፤ ያም ደግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዋናው ነገር ከመሰኪያው ጀርባ ሸሸ።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን ገነነ ያልን እንደሆነ፣ ሰው አሮጌ መኪናውን ለመያዝ ስለተገደደ ነው። አሜሪካ መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች አማካይ ዕድሜ በ2025 12.8 ዓመት ደርሷል። በዚያው ዓመት ከውጭ በሚገቡ መኪኖችና መለዋወጫዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። ለፒክአፕ ደግሞ ይህ ቁጥር አዲስ አይደለም። ፕሬዚዳንት ጆንሰን አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ለጣሉት ቀረጥ ብድር ሲመልሱ ከ1964 ጀምሮ በውጭ ቀላል ጭነት መኪኖች ላይ የጣሉት 25 በመቶ ከስድሳ ዓመት በኋላም አልተነሣም። ትንንሽና ርካሽ ፒክአፕ ከዚህ ገበያ የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው የዶሮ ጠብ ነው።

አሁን አገር ቤት እንሂድ። የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ነዳጅ በዶላር ለሚገዛ፣ ኤሌክትሪክን ግን ከገዛ ወንዙ ለሚያመነጭ አገር ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ ይህን የምለው ለመንግሥት ጥብቅና ልቆም አይደለም፣ ሒሳቡ ስለሚገባኝ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ያሉት አሮጌ ፒክአፖች ምትክ ስለሚቸግራቸው ገና ብዙ ዓመት ይጠገናሉ፤ ለዚያ ባለሙያው አለ። ሁለተኛ፣ ሞተሪኖ የሌለው፣ ካንዴላ የሌለው፣ ካምቢዮ የሌለው፣ ከጎማው እስከ ባትሪው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መኪና ይመጣል። ለዚያስ?

የዚያ አጎቴ ልጅ ዛሬ አዲስ አበባ ጋራዥ አለው። በቅርቡ ደወለልኝ። "ወንድሜ፣ አንተ መሐንዲስ አይደለህም? አንድ የኤሌክትሪክ መኪና በሰው ተገፍቶ መጣልኝ። ባትሪው ሙሉ ነው ይላል ባለቤቱ። ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ የማነብበት መሣሪያ የለኝም፣ ማኑዋሉም የለም። ምን ላድርግ?" አለኝ። ከፍተኛ ቮልት ያለበት ነውና እጅህን እንዳታስገባ ከማለት በቀር የረባ መልስ አልነበረኝም። የአባቱ መካኒክ መዳብ ገልብጦ ያነሣት የነበረችዋን ፒክአፕ አስታውሼ ደነገጥኩ። ሰውዬው ያነሰ ችሎታ ኖሮት አይደለም፤ ዕቃው ለእሱ ዓይነት ሰው እንዳይከፈት ሆኖ ስለተሠራ ነው።

ማሳቹሴትስ አምራቾችን የማስገደድ አቅም ያገኘችው ገበያዋ ስለሚፈለግ ነው። ኢትዮጵያ ያን ያህል ገበያ የላትም ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ በር ላይ ቆሞ የሚፈቅደውና የሚከለክለው መንግሥት ነው፤ የነዳጅ መኪናን መከልከል የቻለ፣ "የጥገና ማኑዋልና የምርመራ መሣሪያ ላገር ውስጥ ጋራዥ የማይሸጥ አምራች አይግባ" ማለት እንዴት ያቅተዋል? አሁን መኪኖቹ ገና ጥቂት ሳሉ ቢባል ዋጋው ትንሽ ነው። ለዘመድ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ገንዘብ የምታዋጡ አንባቢያንም (እንደምታዋጡ አውቃለሁ፣ እኔም ተጠይቄያለሁ) ከቀለሙና ከስክሪኑ ስፋት በፊት፣ ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል፣ በምን መሣሪያ ይከፍተዋል፣ ምናሌው በምን ቋንቋ ነው ብላችሁ ሻጩን ጠይቁ። መልስ ካጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ጋሼ መኪናቸው ከዲለር በወጣ ማግስት ቤቴ መጡ። ጋራዥ ገብተው በአሮጌዋ ፒክአፕ ዙሪያ አንድ ዙር ዞሩ፣ መስኮቷን በእጃቸው አውርደው መልሰው ሰቀሉ። "እንደዚህች ያለች ፈልግልኝ፤ ያቺን እሸጣታለሁ" አሉኝ። ኮምፒዩተር ከፍቼ የገበያ ዋጋዋን ባሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። "ለሠላሳ ዓመት አሮጌ ይህን ሁሉ?" አሉ።

"አዎ ጋሼ፣ እንደርስዎ የሚፈልጋት በዝቷል" አልኳቸው። አሁንም እየፈለግን ነው።

ቸር እንሰንብት።