ጥቁሩን በግ ማን ይገዛል?

በበዓል ዋዜማ በግ ተራ ወርዳችሁ የምታውቁ ይህን ሳትታዘቡ አትቀሩም፤ ጥቁር በግ ገበያ የለውም። ቁመቱም ላቱም ዕድሜውም ጎኑ ከቆመው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ነጩና ቀዩ ቀድመው ይነሳሉ። ጥቁሩ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆሞ ይውልና ነጋዴው አንጀቱ እያረረ በቅናሽ ይለቀዋል። «ምልክት የሌለው ጥቁር አምጣ» የተባለ ሰው ድንገት ብቅ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። እሱ ዋጋ አይከራከርም፤ ለምን እንደፈለገውም አይነግራችሁም።

ያ በግ ከመንዝ የመጣ ከሆነ፣ አገሩ ሳለ ጠጉሩ የሚፈለገው በጥቁረቱ ነበር። ከጠጉር የሚሠራው ካባ፣ በርኖስ፣ የሚያምረው ጥቁር ሲሆን ነው፤ ያውም ቀለም ሳይነከር፣ በጉ እንደተፈጠረ። የሚደረቡት ባናውም ዝተቱም ከነጩ፣ ከቡላውና ከጥቁሩ ጠጉር እየተፈተለ በበጉ በራሱ መልክ ይሠራል። እንግዲህ ሥጋ ገዢው የሚሸሸውን ቀለም ሸማኔው መርጦ ይወስደዋል ማለት ነው። ስለ በግ እርባታ የምናወራ ሰዎች ይህን እንደ ተራ የገበያ አመል ቆጥረን አልፈነዋል። በእኔ አስተያየት ግን የጠጉርና የሥጋ ጠብ የሚባለው ያለው እዚህ ገበያ ላይ ነው። በጉ ገላ ላይ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው። አዋቂዋ እናት በግ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ብትመዝን ነው። ላቱ አጭር ሆኖ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል፤ አውራው ቀንዳም ነው። የሚኖረው ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ገብሱን እንኳ ውርጭ በሚመታው አገር ነው። ጠጉሩ ሸካራ ስለሆነ ለኮትና ለሱሪ አይሆንም፤ ለሚደረብና ለሚነጠፍ ነገር ግን ልኩ ነው። እና ይህን ጠጉር ሰው ከመልበሱ በፊት በጉ ለብሶታል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ቁጥር ሜዳው አመዳይ ለብሶ ይነጋል። በዚያ ሌሊት በጉ ቀን የበላትን ለሙቀት ያቃጥላታል ወይስ ለሥጋ ያስቀራታል የሚለውን የሚወስነው ጀርባው ላይ ያለው ጠጉር ነው። ጠጉሩን ተረፈ ምርት የሚሉት ባለሙያዎች አንድ ሌሊት የመንዟ መሃል ሜዳ ከተማ አጠገብ ጉረኖ ውስጥ ቢያድሩ ቃሉን የሚያነሱት አይመስለኝም።

ይህን በግ ለማሻሻል ብዙ ተለፍቷል። ደብረ ብርሃን ላይ በንጉሡ ዘመን የተቋቋመው የበግ ማራቢያ፣ በኋላም መንዝ ውስጥ የተከፈተው የአመድ ጓያ ማዕከል ለዚሁ የቆሙ ናቸው። ከውጭ ዘሮች ሜሪኖ መጣ፣ ኮሪዴል መጣ፣ ሮምኒና ሃምፕሻየርም መጡ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ኮሪዴልን ብንወስድ ኒውዚላንዶች ሜሪኖን ከሊንከን ጋር አዳቅለው፣ ለጠጉርም ለሥጋም ይሁን ብለው ያወጡት ዘር ነው። ግን የእነሱ በግ የሚውለው የለማ መስክ ላይ ነው፤ የእኛው የሚውለው አጨዳ ያለፈበት ቃርሚያና በጋ የበላው ጋራ ላይ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዋሲ ከእስራኤል ገባ። ከመንዝ ጋር የተዳቀለው ግልገል በክብደትም በጠጉርም እናቱን በለጠ። ይሁን እንጂ አንዳንድ ነገር ሰነድ ላይ አይታይም። ሰፊ ላት የወረሰችውን ዲቃላ ትንሹ የመንዝ አውራ ሊያጠቃት ይቸገራል። መኖውም የሚመጣጠን አልሆነም። ኋላም ማዲ ቪስና የሚሉት፣ ቀስ እያለ ሳንባ የሚያደክም መድኃኒት የለሽ የቫይረስ በሽታ ማራቢያ ማዕከላቱ ውስጥ ተገኝቶ የዲቃላ አውራዎቹ ሥርጭት ተቋረጠ።

ቀጥሎ የመጣው ዶርፐር ነው፤ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከደቡብ አፍሪካ። ዶርፐር የሥጋ በግ ነው፤ መሸለት እንዳያስፈልገው ጠጉሩ በራሱ እንዲረግፍ ተደርጎ የተመረጠ። (ለነገሩ አንዱ ወላጁ ከራሰ ጥቁሩ የሶማሌ በግ የተገኘ ነው። ከእኛው ሰፈር ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዶርሴት የሚሉትን ዘር አግብቶ፣ አሻሻይ ተብሎ በአውሮፕላን ተመለሰ።) ለቆላና ለወይና ደጋ ዶርፐርን አልቃወምም። መንዝ ውስጥ ጓሳ ተራራ ሥር ለሚያድር በግ ግን ብርድ ልብሱን አውልቆ የሚጥል አባት መምረጥ ምን የሚሉት ማሻሻል ነው?

የተሻለው መንገድ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኢካርዳና ኢልሪ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማትና የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች መንዝ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ሆነው የገበሬውን በግ ከገበሬው በግ መምረጥ ጀመሩ። ችግሩን ማንም አርቢ ያውቀዋል። ቶሎ ያደገው ጠቦት ቶሎ ይሸጣል፤ ብር ያመጣላ። ገበያ የናቀው ቀጫጫ መንጋው ውስጥ ይቀርና አባት ይሆናል። እንዲህ እየሆነ ዘሩ በየዓመቱ ወደ ታች ይመረጣል። ገበሬዎቹ የተደራጁበት የአርቢዎች ማኅበር ያደረገው፣ ግልገል ሲወለድ መዝግቦ፣ በስድስተኛው ወር መዝኖ፣ ጥሩ ጥሩውን ጠቦት ከገበያ አስቀርቶ በጋራ አውራ ማድረግ ነው። የቀረው ይሸጣል ወይም ተቀጥቅጦ ሙክት ይሆናል። የውጭ ምንዛሪም አልጠየቀም፣ ጉንፋን የሚይዘው እንግዳም አላመጣም።

ቅሬታዬ የማኅበሩ መራጭ ኮሚቴ ሚዛኑን ካነበበ በኋላ በሚያየው መልክ ላይ ነው። ጠቦቱ ጥቁር ከሆነ ሚዛን ቢደፋም ይጣላል። ገበሬው አይፈረድበትም፤ የልጁን ደብተር የሚገዛው አዲስ አበባ ላይ በሚሸጠው በግ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ጥቁር አትወድም። ግን ለበዓል ገበያ ተብሎ በየዓመቱ ጥቁሩ ከአባትነት ሲወጣ፣ አንድ ቀን በርኖስ የሚሠራ ሰው ጥቁር ጠጉር ፍለጋ ቀለም ሻጭ ዘንድ መሄዱ ነው።

ለሁለቱም ብሎ በግ መያዝ ሁለት ሥራ ይመስላል እንጂ አንድ ሥራ ነው። ጠጉር የበጉ የማስታወሻ ደብተር ነው። በጉ በተራበበት ወይም በታመመበት ወር የበቀለው ጠጉር ይቀጥናል፤ ሲፈተል እዚያችው ቦታ ላይ ይበጠሳል። በግንቦት ድርቆሽ አልቆባት፣ በክረምት ረግረግ ላይ ውላ የጉበት ትል የያዛት በግ ሥጋዋም ክሯም አንድ ላይ ነው የሚጎዳው። ጥቂት ፉርሽካ፣ ጥቂት ፋጉሎ፣ ከተገኘም የጠላ አተላ፣ ጨው መላስ፣ ወቅቱን የጠበቀ የትል መድኃኒት፤ እነዚህ ለሥጋ ብለው የሰጧቸው ጠጉር ሆነውም ይወጣሉ። ሸማቹም ከዚህ አንድ ነገር ይማር። ጠጉር የደረበ በግ ከሩቅ የሰባ ይመስላል። በዓይን አይገዛም፤ ጣትን በጠጉሩ ውስጥ አስገብቶ የጀርባ አጥንቱን መዳበስ ነው። አጥንቱ እንደ ልብ ከተቆጠረ የከፈላችሁት ለብርድ ልብሱ ነው።

መሸለቱ ላይ የማየው ጥድፊያ ደግሞ ያናድደኛል። ጥቅምት ላይ ገንዘብ ቸገረኝ ብሎ የሸለተ ሰው በጉን ለአመዳይ ሰጥቶታል። ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ የካቲትና መጋቢት አካባቢ፣ ደረቅ ቀን ተመርጦ ቢሸለት ለበጉም ለክሩም ይበጃል። ልትወልድ የተቃረበችውን ገልብጦ ማንገላታት ነውር ነው። ሲሸለት ቅማሉና ቅርንጫቱም አብሮ ስለሚወርድ በጉ ማከኩን ይተዋል፣ ቆዳውም ይተርፋል። በእከክ የተበላሸ ቆዳ ፋብሪካ ሲደርስ ስንት ብር እንደሚያሳጣ ቆዳ ነጋዴ ይመስክር። የተሸለተውም ይለይ፤ የሆድ ሥር ጠጉር፣ እበት የነካውና ጨጎጊት የሞላው ለብቻው፤ ነጩም ከጥቁሩ ለብቻው። ይህ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ንጹሕ ጆንያ ብቻ ነው።

ንጹሑን ጆንያ የሚገዛው ማነው ከተባለ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከውጭ የሚገባው አበባማ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ገጠር ድረስ ገብቷል። የመንዝ ሴት የምታሾረው እንዝርት ከፋብሪካ ጋር በዋጋ ሊፎካከር አይችልም፤ አይሞክርም። ተፎካከሩ የሚሉትን የልማት ሰዎች ስሰማ ምን ያህል ቀን ተፈትሎ አንድ ባና እንደሚወጣ ጠይቀው ያውቁ እንደሆን እጠራጠራለሁ። በርኖስ መሸጥ ያለበት በበርኖስ ዋጋ ነው፤ ላሊበላና አዲስ አበባ ላሉ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ምንጣፍ ለሚያውቅ ሰው፣ ውጭ አገር ሆኖ የአባቱን በርኖስ ለሚናፍቅ። ገዢው ጥቂት ነው፣ ግን ጥቁሩን ይፈልጋል።

ስለዚህ ለመንዝ የአርቢዎች ማኅበራት የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየመንደሩ ከሚመረጡት አውራዎች አንዱ፣ ክብደቱ እስከበቃ ድረስ፣ ጥቁር ይሁን፤ ገበያው ስለሚያጎድለው ብርም ባለቤቱን ማኅበሩ ይካሰው። ደግሞም መራጩ ኮሚቴ ላይ ከሚፈትሉት ሴቶች ሁለቱ ይቀመጡ። ወንዶቹ ሚዛኑን ሲያነብቡ እነሱ ጠጉሩን በጣታቸው ገልጠው ይዩ፤ ጥራቱ ዝቅ ያለ ጠጉር ያለውን ጠቦትም «ይሄ ይሸጥ» የማለት ድምፅ ይኑራቸው።