ሳሊኒን ማን አሳደገው?

መንዝ ሄዳችሁ ስለ ጣልያን ብትጠይቁ አንድ ዓይነት መልስ አታገኙም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ስትጓዙ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተራራውን ሰርስሮ ያልፋል። ዋሻውን በወረራው ዘመን የሠራው ጣልያን ነው፤ ዘመን ተሻግሮ አገልግሏል። በዚያው ወረራ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ ዘረት ላይ ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ መርዝ ጋዝ የለቀቀውም ጣልያን ነው። ከዋሻው የወጡትን ወንዶች ረሽኗቸዋል።

እንግዲህ በዚህ አገር ስለ አንድ ጣልያናዊ ግንበኛ ወሬ ሲነሳ ነገሩ ቶሎ ወደ ስሜት ቢሄድ አይገርምም። ስለ ፒዬትሮ ሳሊኒ በካፌ የምንሰማው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ «የህዳሴው ባለውለታ» ወይ «ጣልያን በሌላ በር ገባ»። ለሁለቱም ጆሮ አንሰጥም። ሰውዬው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ የዘረት ደም በእሱ አይጠየቅም። ባለውለታም አይደለም፤ ተከፍሎት የሠራ ነጋዴ ነው። ነጋዴ ደግሞ በፓስፖርቱ ሳይሆን በውሉ ነው የሚመዘነው።

እስኪ የሙያ መንገዱን እንየው። ሮም ውስጥ ንግድና ኢኮኖሚ ተማረ፣ የቤተሰቡን ድርጅት ተረከበ። ድርጅቱ ለአገራችን አዲስ አልነበረም፤ አዲስ አበቤ የሚጠጣውን ውሃ የሚይዘውን የለገዳዲን ግድብ በንጉሡ ዘመን የገነባው እሱ ነው። ትልቁ ዕድል የመጣው ግን በኋላ ነው። ጊቤ ሁለት፣ ጣና በለስ፣ 1,870 ሜጋ ዋት ያለው ጊቤ ሦስት፣ ከዚያም መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ህዳሴ። የህዳሴው ውል ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ሰውዬው ይህን ሁሉ ሥራ በእጁ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2013 ኢምፕሬጂሎ የተባለውን የጣልያን አንጋፋ ተቋራጭ ከአክሲዮን ገበያ ጠቀለለው። ሁለቱ ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ2020 ዊቢልድ ተባሉ። የሮም ጋዜጦች ይህን የድፍረት ታሪክ አድርገው ሊጽፉት ይችላሉ። ለእኛ ግን ድፍረቱ ከአባይና ከኦሞ ውሃ የተቀዳ ይመስለናል።

ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። ጊቤ ሁለት ያለ ጨረታ ተሰጠ፤ የጣልያን መንግሥትም 220 ሚሊዮን ዩሮ አበደረ። ጊቤ ሦስትም ያለ ጨረታ፣ ህዳሴም ያለ ጨረታ። የመንግሥት መከራከሪያ ይታወቃል፦ መብራት ቸኩለናል፣ ኩባንያውን እናውቀዋለን። መቸኮሉ ይገባናል፤ በኩራዝ ያጠና ሰው መቸኮልን አይንቅም። ግን የጊቤ ሁለት 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ በቀናት ውስጥ ከፊሉ ሲደረመስ፣ ጥገናው ወራት ሲወስድ፣ ያለ ውድድር የተሰጠ ሥራ ላይ ማን ምን ያህል ኃላፊነት እንደወሰደ በግልጽ የነገረን አልነበረም። ተፎካካሪ ቢኖር ዋጋው ስንት ይሆን ነበር? ይህን መጠየቅ ግድቡን መጥላት አይደለም። ቦንድ የገዛ፣ የወር ደመወዙን በየወሩ ያስቆረጠ መምህር ከማንም በላይ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣነው እኛም ድርሻ አለን። ስለ ሥራ አስኪያጅ ስንጽፍ የምናውቀው የልደት መልክ ነው፤ «ባለ ራዕይ፣ ትጉህ፣ ጨዋ» ብለን እንዘጋዋለን። የኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ገልጦ ትርፉ ከየት አገር እንደመጣ የሚፈትሽ ዓምድ ስንት አለን?

ሌላም አለ። የሳሊኒ ስም በየአገሩ ግንባታ ላይ ይጠራል። የህዳሴው ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ግን ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ መኪናው ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ነው ብዙዎቻችን ሕይወቱ እንዴት እንደነበር መጠየቅ የጀመርነው። በረሃ ውስጥ ሲሚንቶ ያቦኩትን ሺዎችማ ማን ቆጥሯቸው።

ህዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ደስ ብሎናል፣ ጨፍረናልም። ኮይሻም በ2008 ዓ.ም. ለዚያው ኩባንያ ተሰጥቷል። ቦንድ የገዛ ጓደኛ ሞልቶናል፤ ውሉን ያነበበ ግን እስካሁን አላጋጠመንም።