ኤረሩን አይተን ወንድማችንን አንጠርጥር



ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የመስጂድ ቢሮ ኢሜይል የምናነበው በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ በተጫነ አውትሉክ 2010 ነበር። አንድ ጠዋት ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል መጠየቅ ጀመረ። ትክክለኛውን ብናስገባም መልሶ ይጠይቃል። «ፓስዎርዱን ማን ቀየረው?» ተባባልን። ጣታችንን የቀሰርነው ኮምፒውተሩን መጨረሻ በተጠቀመው ወንድማችን ላይ ነው። እሱም አዝኖ ከቢሮው ቀረ።

ወላሂ ማንም አልቀየረውም ነበር። ጉግል ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በግል የጂሜይል አካውንቶች ላይ አሮጌ ፕሮግራሞች በተለመደው የይለፍ ቃል ብቻ እንዳይገቡ ከልክሏል። አሮጌው አውትሉክ ይህን አያውቅም። በሩ ሲዘጋበት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃል መልሶ መጠየቅ።

መፍትሔው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ከፍቶ ጉግል የሚሰጠውን ባለ 16 ፊደል የአፕ ፓስዎርድ ማስገባት ነው። አዲሱን ተንደርበርድ መጫንም ይቻላል።

ሌላም አለ። «ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፏል ወይም ገና አልጀመረም» ሲል ብዙዎቻችን «ሀክ ተደረግን» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የኮምፒውተሩ ትንሿ ባትሪ ሞታ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። አንዳንዴም ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ይኖራል። ያኔ ማሽኑ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የዛሬው ሰርተፍኬት ለእሱ ገና ያልተሰጠ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ኤረር ስታዩ፦

1. በዚያው የይለፍ ቃል በስልካችሁ ብራውዘር ግቡ። ከገባ የይለፍ ቃሉም ሰውም ጥፋት የለበትም።
2. የኮምፒውተሩን ቀን፣ ሰዓትና ዓመት እዩ።
3. የኤረሩን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ።
4. አካውንቱን ከፕሮግራሙ ለማጥፋት አትቸኩሉ። የድሮ ደብዳቤዎች እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሊኖሩ ስለሚችሉ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ።

ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ ሳናጣራ ሰው እንዳንጎዳ ያስተምረናል። ይህን ትምህርት ለፌስቡክ ወሬ እንጠቅሰዋለን፤ ስክሪን ላይ ለሚወጣ ጽሑፍ ግን እንረሳዋለን። ማሽን ያጋጠመውን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን ሁልጊዜ አያውቅም። የስኮላርሺፕ ወይም የሥራ ቀን ያመለጠው ልጅ «ፓስዎርድ አጠፋህብኝ» ብሎ ጓደኛውን ከመክሰሱ በፊት አምስት ደቂቃ ያጣራ።

እኛ ዘግይተን ነው ያጣራነው። ወንድማችንን ቤቱ ድረስ ሄደን አፉ በለን ብለነዋል፤ አልሐምዱሊላህ ተመልሷል። ኢሜይሉ የተስተካከለው በአንድ ሰዓት ነው። የእሱን ልብ ለመመለስ ግን ሳምንታት ፈጅቶብናል።

ወላሁ አዕለም።