ከኤረር በር እስከ ባንጁል፡- የአፍሪካ ህብረት የመብት ጥበቃ በር ለማን ክፍት ነው?

በሐረር ከተማ ጥንታዊው የጀጎል ግንብ ካሉት አምስት ታሪካዊ በሮች በምሥራቅ በኩል የሚገኘው ኤረር በር ነው። በቀደመው ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ስለነበር የመንገደኛው መግባትና አለመግባት በበር ጠባቂው እጅ ነበር። ዛሬ ከገጠር ጫትና አትክልት ይዛ ወደ ገበያ የምትመጣ አንዲት ገበሬ በዚህ በር ስታልፍ የሚያግዳት የለም። መብቷ ቢጣስ አቤት የምትልበት ፍርድ ቤትም በከተማዋ አለ። የአገር ውስጥ ችሎቶች ሁሉ ፊታቸውን ቢያዞሩባትስ የሚለው ጥያቄ ግን ከሐረር አልፎ የአፍሪካ ህብረትን ይመለከታል።

እንደሚታወቀው አህጉራዊው ድርጅት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ረጅም ዘመን ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ1963 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአባል አገራት የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን ዋነኛ መርሁ አድርጎ ነበር። የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ በ1975 የድርጅቱ ሊቀ መንበር ሆነው መመረጣቸው መርሁ ምን ያህል እንደተለጠጠ ያሳያል። በኢትዮጵያ ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ወቅትም የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት እዚያው አዲስ አበባ ነበር።

ለውጡ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1981 የአፍሪካ የሰብዓዊና የህዝቦች መብቶች ቻርተር ሲጸድቅ ነው። ቻርተሩ እ.ኤ.አ በ1986 በሥራ ላይ ውሏል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚሽንም በቀጣዩ ዓመት ተቋቁሞ መቀመጫውን በጋምቢያ መዲና ባንጁል አደረገ። እ.ኤ.አ በ2000 በሎሜ የተፈረመው የአፍሪካ ህብረት ማቋቋሚያ ሰነድ ደግሞ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲከሰት ህብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ደነገገ። ኢትዮጵያ ቻርተሩን እ.ኤ.አ በ1998 ተቀብላለች። በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል በመሆናቸው ቻርተሩ በሐረር ችሎትም የሚጠቀስ ሕግ ነው።

የቻርተሩ ትርጉም በወረቀት ላይ ካለው ቃል ይልቅ በአንዲት ታዳጊ ጉዳይ ጎልቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ2001 በአርሲ አካባቢ የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ ቢያስጥላትም ጠላፊው በዋስ ወጥቶ ዳግም ጠለፋት፤ የጋብቻ ውል እንድትፈርምም አስገደዳት። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው እ.ኤ.አ የ1957 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት ነጻ የሚያደርግ ድንጋጌ ነበረው። በመሆኑም በግዳጅ የተፈረመው ወረቀት ለወንጀሉ መሸሸጊያ ሊሆን ይችል ነበር። የወረዳው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ2003 በጠላፊው ላይ የ10 ዓመት እስራት ቢፈርድም የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ ሽሮ ተከሳሾቹን በነጻ አሰናበተ። አቤቱታው እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ቢደርስም ውጤት አላገኘም።

ቻርተሩ ለግለሰብ የከፈተው መንገድ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። በአንቀጽ 56 መሠረት ኮሚሽኑ አቤቱታ የሚቀበለው የአገር ውስጥ የፍትሕ መንገዶች ካለቁ ወይም ያለ አግባብ ከተጓተቱ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር በመሆን ጉዳዩን እ.ኤ.አ በ2007 ወደ ባንጁል ወሰደው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ በኅዳር 2015 መንግሥት ለልጅቱ ተገቢውን ጥበቃ ባለማድረጉ ቻርተሩ ተጥሷል ሲል ወስኖ የ150 ሺህ የአሜሪካን ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ጠየቀ። ወንጀሉን የፈጸሙት ግለሰቦች ሆነው ሳለ መንግሥት ተጠያቂ መባሉ ምናልባት ከውሳኔው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ነው።

ሆኖም ልጅቱ በተጠለፈች በ14ኛው ዓመት የመጣ ፍትሕ ነው፤ የኮሚሽኑ ውሳኔም የፍርድ አፈጻጸም ኃይል የለውም። ጠላፊውን ከቅጣት የሚያድነው ድንጋጌ የተሻረው እ.ኤ.አ ከ2005 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው፤ ይህም አቤቱታው ባንጁል ከመድረሱ በፊት በአገር ውስጥ በተደረገ ግፊት የተገኘ ለውጥ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

አስገዳጅ ውሳኔ የሚሰጠው በአሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የህዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ነው። ይህ በር ለኢትዮጵያውያን ዝግ ነው። ኢትዮጵያ የማቋቋሚያ ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ በ1998 ብትፈርምም አላጸደቀችም፤ የህብረቱ መቀመጫ መሆኗ ሲታሰብ ይህ ለማስረዳት የሚያስቸግር ክፍተት ነው። ያጸደቁትም ቢሆኑ ግለሰቦች በቀጥታ እንዲከሱ የሚፈቅድ ተጨማሪ መግለጫ ማስገባት ይጠበቅባቸዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ በ2016፣ የፍርድ ቤቱ አስተናጋጅ ታንዛኒያ ራሷ በ2019፣ ቤኒንና ኮትዲቯር ደግሞ በ2020 ይህንን መግለጫ አንስተዋል።

ለኤረር በሯ ገበሬ የቀረው እንግዲህ ባንጁል ነው። በገበያው የሚሰሙት ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ናቸው፤ የኮሚሽኑ ሰነዶች ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው የሚዘጋጁት። አቤቱታዋን ጽፎ፣ ተርጉሞና ተከታትሎ የሚያደርስላት የሕግ ባለሙያ ወይም ማህበር ያስፈልጋታል። የአርሲው ጉዳይ ባንጁል ገና ሳይወሰን እ.ኤ.አ በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ማህበራት በመብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ አገደ፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማህበርም ነጻ የሕግ አገልግሎቱን በእጅጉ ለመቀነስ ተገደደ። አዋጁ እ.ኤ.አ በ2019 በሌላ ተተክቶ እገዳው ተነስቷል።