ከፍለን ባለዕዳ ሆንን!

ለመሆኑ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ዕዳ አለባችሁ ተብሎ ጣሪያ እንዳይጠገን ሲከለከል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መስማት ብቻ ሳይሆን እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ከኮርኒሱ የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ እየተቀበልኩ አይቼዋለሁ።

አዲስ አበባ ያለው የወላጆቼ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት ሆኗል፤ የጓሮው ግድግዳ ወደ ጎረቤት አዘንብሏል። ሚያዝያ ላይ እናቴ ዕቁብ ሲወጣላት የእድሳት ፈቃድ እንጠይቅ ብለን ሄድን። ጽሕፈት ቤቱን ስሙን አልጠራም፤ ነገ ለሌላ ጉዳይ እመለስበታለሁና። ልጅቷ ኮምፒዩተሯን አየት አደረገችና፣ «እማማ፣ ቤቱ ዕዳና እገዳ አለበት፤ ምንም አገልግሎት አይሰጠውም» አለች። ከ1994 እስከ 2000 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ግብር አልተከፈለም ነው ነገሩ። ዋናው ዕዳ 700 ብር አይሞላም። ቅጣትና ወለድ ሲጫንበት ግን ከ3 ሺህ ብር አልፏል።

«ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በየዓመቱ ይከፍል ነበር» አለች እናቴ።

«እንግዲያው ደረሰኝ ያምጡ!»

እውነቱን ልናገርና እኔ ራሴ «እማዬ፣ እንክፈልና እንገላገል» ብያት ነበር። ጎረቤቱም ያው ምክር ነው የሰጠን። እሷ ግን፣ «አባትህ ቀጣፊ ነበር ወይ? አንድ ዕዳ ሁለቴ አልከፍልም!» ብላ ቁርጧን ነገረችኝ። አፈርኩ።

አባቴ ወረቀት አይጥልም ነበር። አልጋው ስር ከነበረ የኒዶ ጣሳ ውስጥ የአምስት ዓመት ደረሰኝ አገኘን። የሁለቱ ዓመት የለም። ደረሰኞቹን ከዛሬው ማህደር ጋር ስናስተያይ ነገሩ ተገለጠ። ቀበሌው ፈርሶ ከሌላው ጋር ሲዋሃድ የቤት ቁጥራችን ተቀይሯል። አባቴ የከፈለው በድሮው ቁጥር ተመዝግቦ ቀርቷል፤ ዕዳው ደግሞ በአዲሱ ቁጥር እየተቆለለ ኖሯል። በአንድ መዝገብ ላይ ከፋይ፣ በሌላው ላይ አሻፈረኝ ባይ ሆነን ሃያ ዓመት ያህል ኖርን ማለት ነው! አይ የኛ ነገር!

እዚህ ላይ ግብሩ ከየት እንደመጣ ላስታውስ። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በዓመቱ በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ተደነገገ። ሕዝቡ ጣሪያና ግድግዳ የሚለው ይህንኑ ነው። ቤቱ ቢከራይ በዓመት ምን ያህል ያወጣል ተብሎ ይገመትና ከዚያ ላይ በመቶኛ ይሰላል። ለብዙ ዓመታት ግምቱ ስላልተነካ ክፍያው የሻይ ሂሳብ ነበር። ታዲያ የሻይ ሂሳብ ስለሆነ መዝገቡንም የሚጠብቀው አልነበረም። ዛሬ ግን የሻይ ሂሳብ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የከተማው መስተዳድር የኪራይ ግምቱን ሲከልሰው ግብሩ ብዙ እጥፍ ሆኖ መጣ፤ እናት ፓርቲም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ወሰደው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ግብሩን ከቤቱ የገበያ ዋጋ ጋር የሚያያይዝ የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ። በተዘበራረቀ መዝገብ ላይ ትልቅ ግብር ሲጫን የሚወለደው ዕዳም ትልቅ ነው። ያኔ የ3 ሺህ ብር ክርክር ይናፍቀን ይሆናል።

ግብር አይከፈል ማለቴ አይደለም። መንገዱም መብራቱም በግብር ነው የሚሠራው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ መዝገቡን ያጠፋው መሥሪያ ቤቱ ሆኖ ሳለ፣ ከፍያለሁ ብላ ማስረጃ የምትቆፍረው የሰባ ዓመት አሮጊት የምትሆነው በምን ሂሳብ ነው? ደግሞስ ለ3 ሺህ ብር ክርክር ቤቱን በሙሉ ማገድ ምን ይሉታል? እገዳ ያለበት ቤት አይሸጥም፣ ስሙ ለወራሽ አይዛወርም፣ ባንክም በመያዣነት አይቀበለውም። እንኳን ይህ፣ ምስማር መምታትም አልተፈቀደልን! ቢያንስ ክርክሩ እስኪያልቅ ጣሪያ መጠገን ቢፈቀድ መንግሥት ምን ይጎድልበታል?

በዚሁ ጉዳይ የምትጉላሉ አንባብያን ካላችሁ በራሳችን ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። በቃል የተነገረን ድምር ይዘን ብንከራከር ኖሮ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነበርን። ዕዳው በየዓመቱ ተዘርዝሮ፣ ዋናው ለብቻ ቅጣቱ ለብቻ ሆኖ በጽሑፍ እንዲሰጠን አመለከትን። የደረሰኞቹን ቅጂ ከማመልከቻ ጋር አያይዘን በመዝገብ ቤት በኩል አስገባንና ቁጥር ተቀበልን። ዋናዎቹን ከእጃችን አላወጣንም፤ «ትተሽ ሂጂ» ሲሏት እናቴ ቦርሳዋን ታቅፋ ነው የቆመችው። ቅሬታ ሰሚው አምስቱን ዓመት ሰረዘልን። የሁለቱን ዓመት ግን «መብታችንን ጠብቀን» ብለን በጽሑፍ አስፍረን ከፈልን።

አለቀ ስንል አላለቀም። ዕዳው የሚዘጋው ግብር ሰብሳቢው ዘንድ ነው፤ እገዳው ያለው ግን የይዞታ ማህደሩ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የሚጓዝ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ አለ። የኛው ደብዳቤ ተጽፎ፣ ፊርማ ጎድሎት አንድ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ስምንት ቀን ተኝቷል። ፈራሚው ስብሰባ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እናቴ የደብዳቤውን ቅጂ ይዛ ይዞታ ክፍል ድረስ ሄዳ፣ «እገዳው መነሳቱን እዚሁ ኮምፒዩተሩ ላይ አሳዩኝ» ብላ ቆመች። አሳዩዋት።

ፈቃዱ የወጣው ሐምሌ 23 ቀን ነው። አናጢው በዚህ ዝናብ ቆርቆሮ አላነሳም፣ መስከረም ይጥባ ብሏል። ባልዲው አሁንም እዚያው ነው። እናቴ የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች በላስቲክ ጠቅልላ የኒዶው ጣሳ ውስጥ ጨምራለች፤ ጣሳውን ግን ከአልጋው ስር አንስታ ውሃ ከማያፈስበት ጥግ አስቀምጣዋለች።